አማሮኔ፦ የተረሳው በርሜል እና የ«መራራው» ወይን ስም ጉዳይ

ጠርሙሱ ላይ «አማሮኔ» ይላል። ጣሊያንኛ ትንሽ የሚሞካክር ሰው ወዲያው «መራራ» የሚለውን ይይዝና ፊቱን ለማጨማደድ ይዘጋጃል። ሲቀምሰው ግን የበሰለ ቼሪ፣ ዘቢብ፣ አንዳንዴም ቸኮሌት የሚመስል ነገር ያገኛል። ታዲያ ምሬቱ የታለ? ይህን የጠየቀ ሁሉ አንድ ታሪክ ይነገረዋል፤ በ1936 ቬሮና አጠገብ በአንድ መጋዘን ውስጥ ስለተረሳ በርሜል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ ደስ ይላል፣ የሚጨበጥ ነገርም አለው። ስሙን ግን ብቻውን አይፈታውም። የዚህ ወይን ስም ሌላ ወይን አጠገቡ ካልቆመ ትርጉም የለውም፤ በኋላ የመጣው የፍርድ ቤት ጣጣ ሁሉ የተነሳውም ስሙ ከዚያ ከሌላው ወይን ተገንጥሎ ብቻውን ሀብት በመሆኑ ነው።

ቦታው ቫልፖሊቼላ ነው። በሰሜን ጣሊያን ከቬሮና ከተማ በስተሰሜን፣ በጋርዳ ሐይቅና በሌሲኒ ተራሮች መካከል ያለ ኮረብታማ አገር። ኔግራር፣ ፉማኔ፣ ማራኖ፣ ሳንት አምብሮጆ እና ሳን ፒዬትሮ ኢን ካሪያኖ የጥንቱ እምብርት ናቸው። «ቫልፖሊቼላ» ራሱ «ብዙ የወይን ጓዳ ያለበት ሸለቆ» ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ ለጎብኚ ሲነገር ያምራል፣ የቋንቋ አጥኚዎች ግን ሁሉም አልተዋጠላቸውም። እሱን እንተወው።

እዚህ አገር ወይን ፍሬን አድርቆ መጥመቅ የቆየ ነገር ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያንን የሚገዙት የኦስትሮጎት ነገሥታት ነበሩ፤ ባለሥልጣናቸው ካሲዮዶሮስ ለቤተ መንግሥቱ ማዕድ የሚሆን ወይን ከቬሮና አካባቢ ተፈልጎ እንዲመጣ ደብዳቤ ጽፏል። የወይኑን ስም አቺናቲኮ ይለዋል፣ ፍሬ ከሚለው የላቲን ቃል። በመከር ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ በብርድ ወራት ተጨምቆ የሚሠራ እንደሆነ ይዘረዝራል። ስለ ውፍረቱ ሲያወራማ የሚጠጣ ነው ወይስ የሚበላ ብሎ ሊያምታታን ምንም አይቀረው። ደብዳቤው የመንግሥት ጉዳይ መሆኑን ለአፍታ ያስረሳል፤ ሰውየው ወይኑን ወዶታል።

ዛሬም አሠራሩ ብዙ አልራቀም። ዋናው ፍሬ ኮርቪና ይባላል፤ ኮርቪኖኔ እና ሮንዲኔላ የሚባሉ ይጨመሩበታል። ለቀማው በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር መጀመሪያ ነው። ዘለላው በእጅ ይለቀማል፣ ምክንያቱም አንድ የተጎዳ ፍሬ ሻጋታ ጀምሮ ጎረቤቱን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። የተመረጠው ዘለላ አየር ወደሚገባበት ቆጥ ይወጣል። ድሮ የሚረበረበው በሸምበቆ ላይ ነበር፤ ሸምበቆውን «አሬሌ» ይሉታል። አሁን አብዛኛው ሰው ዝቅ ያለ ሳጥን ይጠቀማል፣ ፍሬው አንድ ረድፍ ብቻ ሆኖ እንዲተኛ። እዚያ ሦስት ወር፣ አንዳንዴ አራት ወር ይቆያል። መስኮት ይከፈታል፣ ጭጋግ ሲመጣ ይዘጋል፣ ሰው እየዞረ የበሰበሰውን ይለቅማል። ፍሬው ይጨማደዳል፣ ከክብደቱ ሲሶውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። የጠፋው ውሃ ነው፤ ስኳሩ ቁጭ ብሏል።

ለዚህ ነው ዋጋው የሚንረው። የዛሬው ደንብ ከ100 ኪሎ እርጥብ ፍሬ ከ40 ሊትር በላይ አማሮኔ እንዳይወጣ ይከለክላል። ለተራ ወይን ያንኑ ፍሬ ብትጨምቀው 70 ሊትር ገደማ ታገኝ ነበር። ሦስት ወር ቆጥ ላይ የተከራየው ቦታ፣ የሚጠብቀው ሰው፣ የሚጣለው ፍሬ ገና አልተቆጠረም።

አሁን ወደ ስሙ። የዚህ አገር አንጋፋ ወይን አማሮኔ አልነበረም። ሬቾቶ ነበር። ሬቾቶ ጣፋጭ ነው፤ ወፍራም፣ ለበዓል፣ ለእንግዳ፣ ከምግብ በኋላ የሚቀርብ። ስሙ የመጣው በቬሮና አነጋገር «ሬቼ» ከሚለው ቃል ነው ይባላል፣ «ጆሮዎች» ማለት ነው። የወይን ዘለላን ልብ ብለህ ካየኸው ከአናቱ ግራና ቀኝ ወጣ ያሉ ክንፎች አሉት። ፀሐይ በደንብ የሚያገኛቸው፣ ቀድመው የሚበስሉት፣ ስኳር የሚበዛባቸው እነሱ ናቸው። ገበሬው ጆሮዎቹን ቆርጦ ለጣፋጩ ወይን ለብቻ ያደርቃቸው ነበር። ስሙን ከጥንቱ «ሬቲኮ» ከሚባል ወይን ጋር የሚያያይዙም አሉ፤ እኔ ግን ጆሮው ላይ ነኝ። መቀስ ይዞ ዘለላ ፊት የቆመ ሰው ያወጣው ስም ይመስላል።

ታዲያ ጣፋጭ ይሁን የተባለ ወይን እንዴት ሌላ ነገር ሆነ? ጠጅ ቤት የገባ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። ብርዝ አለ፣ ለስላሳ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ደረቅ አለ። መነሻቸው ያው ማርና ውሃ ነው፤ ልዩነቱ እርሾው ከማሩ ስኳር ምን ያህሉን በልቶ ምን ያህሉን እንደተወ ነው። ቫልፖሊቼላም እንደዚያው። የደረቀው ፍሬ ሲጨመቅ ስኳሩ ከመጠን በላይ ነው፣ ወቅቱ ደግሞ ብርድ ነው። እርሾው በብርድም በስኳርም ተይዞ ቀስ ይላል፤ አልኮሉ ከፍ ሲል ጭራሽ ይደክመዋል። ጠማቂውም ወይኑን ከአተላው ላይ ወደ ሌላ በርሜል እየገለበጠ እርሾውን ይቀንስበታል። መፍላቱ ይቆማል፣ ስኳር ይተርፋል። ያ ሬቾቶ ነው።

አንዳንድ በርሜል ግን እሺ አይልም። ጠማቂው ሳያየው ይቀራል፣ ፀደይ ይገባል፣ መጋዘኑ ይሞቃል፣ እርሾው ነቅቶ የተረፈውን ስኳር ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ጣፋጩ ወይን ሄደ። በአካባቢው አነጋገር ለዚህ የተበላሸ በርሜል ስም ነበረው፦ «ሬቾቶ ስካፓ»፣ ያመለጠ ሬቾቶ። እኔ ከሁሉም ስሞቹ ይሄኛው ይበልጥብኛል። በግ ከበረት እንዳመለጠ ነው የሚያወሩት። ለበዓል የታሰበው ወይን አምልጦ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ለባለቤቱ ኪሳራ ነው፤ ጣፋጭ ለጠበቀ እንግዳ ይህን ብታቀርብለት ምን ይልሃል?

የ1936ቱ በርሜል የዚህ ዓይነት በርሜል ነው። በ1933 የአካባቢው ወይን አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ነበር፣ ካንቲና ሶቻሌ ቫልፖሊቼላ ይባላል፤ ኔግራር ውስጥ ኖቫሬ በተባለ ቦታ ባለ አሮጌ የመሳፍንት ቪላ ይሠራ ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ አዴሊኖ ሉኬዜ ይባላል። ሲነገር እንደኖረው ሉኬዜ ተረስቶ የቆየ የሬቾቶ በርሜል ያገኛል። ይቀዳል፣ ይቀምሳል። ጣፋጩ የለም። ግን አልተበላሸም፤ ሽታው ትልቅ፣ ጉልበቱ ትልቅ፣ አፍ የሚሞላ ነገር ሆኗል። በዚህ ጊዜ «ይሄ አማሮ አይደለም፣ አማሮኔ ነው እንጂ!» አለ ይባላል።

ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለችው ቀልድ እንዲገባን ሁለት ነገር ማወቅ አለብን።

አንደኛው፣ ጣሊያኖች «አማሮ» የሚሉት ሁልጊዜ እኛ «መራራ» የምንለውን አይደለም። ፈርኔትን የሚያውቅ ሰው እርግጥ ትክክለኛ መራራ አማሮ ያውቃል፤ ከምግብ በኋላ የሚጠጣው የሥራ ሥርና የቅጠላ ቅጠል መጠጥ ጣሊያን አገር በጅምላ ስሙ «አማሮ» ነው። ግን እዚያው ጣሊያን ቡና ቤት ገብተህ «ካፌ አማሮ» ብትል የተለየ መራራ ቡና አያመጡልህም። ስኳር የሌለው ቡና ነው የሚሰጡህ። አማሮ የጣፋጭ ተቃራኒ ነው፣ በቃ። ስለዚህ ከሬቾቶ ጎን የቆመ «አማሮ» ወይን ማለት ስኳሩ ያለቀ፣ እኛ ደረቅ የምንለው ወይን ነው። ከራሳችን መደርደሪያ ብንወስድ አክሱሚት ጣፋጩ ነው፣ ጉደር ደረቁ። ጉደርን መራራ ብሎ የሰየመው የለም፤ ቫልፖሊቼላዎች ቢሆኑ ግን ሳይሰይሙት አይቀሩም ነበር።

ሁለተኛው ያቺ መጨረሻ ላይ የተለጠፈችው «ኦኔ» ናት። ጣሊያንኛ ቃልን የሚያገዝፈው በእሷ ነው። ሚኔስትራ ሾርባ ነው፤ ሚኔስትሮኔ ደግሞ ያ አትክልት የታጨቀበት ትልቁ ሾርባ። ፖርታ በር ነው፣ ፖርቶኔ የግቢ በር። አማሮ፣ አማሮኔ። «ኦኔ» አንዳንዴ ማድነቂያ ናት፣ አንዳንዴም ማሾፊያ፤ ድምፁ ነው የሚለያት። ሉኬዜ ያላት በየትኛው ድምፅ እንደሆነ አብረን አልነበርንም፣ ግን ስሙ ማድነቂያ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ትንሽ መግፋት ያስፈልጋል። ብዙ ጽሑፍ አማሮኔ የተባለው ወይን በ1936 በአጋጣሚ «ተፈለሰፈ» ይላል። ይሄ አያስኬድም። እርሾ ስኳር ለመብላት እስከ 1936 አልጠበቀም። የቬሮናው ሊቅ ሺፒዮኔ ማፌይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለ አገሩ ወይን ሲጽፍ ከቫልፖሊቼላ ስለሚገኝ «አማሮ» ስለሆነ ወይን አንስቷል። «ሬቾቶ አማሮ» የሚለው አጠራርም ከኋላው የመጣውን ስም የወለደው ነው። ያመለጠ ሬቾቶ ተብሎ ስም የወጣለት ነገር አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ አደጋ ሊሆን አይችልም፤ ሰው ስም የሚያወጣው ለሚደጋገም ነገር ነው። ታዲያ የ1936ቱ በርሜል ምን አዲስ ነገር አመጣ? በእኔ አስተያየት ሦስት ፊደል ብቻ፣ ኦ-ኔ። ሦስትም አትሞላም። ግን እነዚያ ፊደሎች አንድን የተበላሸ ጣፋጭ ወይን ራሱን የቻለ ወይን አደረጉት። «ያመለጠ» ሲባል ጥፋቱን ነው የምትሰማው። «አማሮ» ሲባል የጎደለውን። «አማሮኔ» ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ ያለውን ሰማን። ለሽያጭ የሚሆነው የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ገበያ ግን ቶሎ አልመጣም። ጦርነት ነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ድህነት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቦላ የተባለው ቤት አማሮኔን በስፋት ለገበያ አወጣ፤ ቤርታኒም ብዙም ሳይቆይ ተከተለ፣ የ1950ዎቹ መጨረሻ ጠርሙሶቹ ዛሬም ሰብሳቢ የሚሻማባቸው ናቸው። በዚህ ጊዜ ደረቁ ወይን በአጋጣሚ መሠራቱ ቀርቷል። ጠማቂዎቹ እርሾው እስከ መጨረሻው እንዲሄድላቸው አውቀው ይሠሩ ጀመር። ያመለጠውን በግ ማርባት ጀመሩ ማለት ነው።

በ1968 መንግሥት ለቫልፖሊቼላ ወይኖች የመነሻ ስም ጥበቃ ሲሰጥ ደንቡ ላይ የተጻፈውን ስም ልብ በሉ፦ «ሬቾቶ ዴላ ቫልፖሊቼላ አማሮኔ»። አማሮኔ ገና ቅጽል ነው። ዋናው ሬቾቶ ነው፤ አማሮኔ «የማይጣፍጠው ዓይነት» እንደማለት ጭራ ላይ ተቀጥሏል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ግን ሬቾቶ ከፊቱ ተነሳና «አማሮኔ ዴላ ቫልፖሊቼላ» ብቻውን ቆመ። በ2010 ደግሞ የጣሊያን ከፍተኛው የወይን ማዕረግ ተሰጠው። ወረቀት ላይ ብቻ የታየ ለውጥ ይመስላል፤ ግን አባትና ልጅ ቦታ ተቀያየሩ። ዛሬ ሬቾቶ ከአማሮኔ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል መጠን ነው የሚመረተው፤ ከቬሮና ውጭ ሬቾቶን ቀምሶ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ስሙን የሚያስረዳው ወይን ከጠረጴዛው ተነሳ። መራራው ብቻውን ቀረ፣ ሰውም «ምኑ ነው የመረረው?» ማለት ጀመረ።

(እውነቱን ለመናገር ትንሽ ይመራል። ኮርቪና ከተዋጠ በኋላ እንደ ለውዝ ያለ ቀጭን ምሬት ይተዋል፣ ለቫልፖሊቼላ ወይኖች የተለመደ ነው። ስሙን ያወጣው ግን እሱ አይደለም።)

የሚያስቀው ሌላው ነገር ይህ ነው። ደንቡ ጥቂት ግራም ስኳር በአማሮኔ ውስጥ እንዲቀር ይፈቅዳል፣ ከ14 በመቶ በላይ አልኮል ያለው ወይን ትንሽ ስኳር ሲኖረው ደግሞ ለስለስ ይላል፣ ገዢ ይወደዋል። ስለዚህ ገበያ ላይ ጣፋጭነት የሚታይባቸው አማሮኔዎች አሉ። እነዚህን ስቀምስ ስሙ አፌ ውስጥ ይጣላኛል። ከጣፋጩ ለመለየት የወጣ ስም ተሸክሞ ወደ ጣፋጩ መመለስ ምን ይባላል? ሬቾቶ ከፈለግክ ሬቾቶ አለልህ።

ስሙ ሀብት ሲሆን ጠብ መጣ። በ2009 አሥራ ሁለት ገደማ የሚሆኑ የታወቁ ወይን አምራች ቤተሰቦች ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። ማሲ፣ አሌግሪኒ፣ ቶማሲ፣ ስፔሪ፣ ቴዴስኪ እና ሌሎችም አሉበት። ስሙን «ፋሚሊዬ ዴል አማሮኔ ዳርቴ» አሉት፣ «የጥበብ አማሮኔ ቤተሰቦች» እንደማለት ነው። ጠርሙሳቸው ላይ የአማሮኔ መነሻ የሆነችው የላቲን ፊደል «A» ያለባት የሚያብረቀርቅ ምልክት ለጠፉ። አቤቱታቸው ለመረዳት አይከብድም። አማሮኔ በስፋት መመረት ጀምሯል፣ ሜዳው ላይ ሳይቀር፣ ርካሹ በሱፐርማርኬት ተደርድሯል፤ እኛ የራሳችን ጥብቅ መመዘኛ አለን፣ ገዢ እንዲለየን እንፈልጋለን አሉ።

የሁሉንም አምራቾች ስም የሚጠብቀው የቫልፖሊቼላ ወይኖች ኮንሶርሲዮ (የአምራቾች የጋራ ማኅበር) ግን ይህን አልወደደውም። ክሱ ወደ ቬኒስ ፍርድ ቤት ሄደ። የኮንሶርሲዮው ክርክር አጭር ነው፦ አማሮኔ የማንም የግል ስም አይደለም፤ በሕግ የተጠበቀ የጋራ ስም ነው፣ ደንቡን አሟልቶ የሠራ ሁሉ ይጠቀምበታል። ጥቂት ቤቶች ቃሉን የማኅበራቸው ስምና ምልክት ሲያደርጉት የቀረው ሰው አማሮኔ ሁለተኛ ደረጃ እንደሆነ ያስመስላሉ። በ2017 ፍርድ ቤቱ ለኮንሶርሲዮው ፈረደ። ቤተሰቦቹ ወይናቸውን አማሮኔ ብለው መሸጣቸውን ማንም አልከለከለም፤ ማኅበራቸው ግን ቃሉን ስሙ ውስጥ ማስገባት አይችልም ተባለ። ዛሬ «ፋሚሊዬ ስቶሪኬ» ይባላሉ፣ «ታሪካዊ ቤተሰቦች»። አማሮኔ የምትለዋ ቃል ከስማቸው ወጣች።

እኔ ፍርዱ ልክ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፣ ምንም እንኳ ስለ ጥራቱ ቤተሰቦቹ የሚሉት ባዶ ባይሆንም። ስሙ የወጣው በኅብረት ሥራ መጋዘን ነው። አንድ ተቀጣሪ ጠማቂ የብዙ ገበሬ ፍሬ ካለበት በርሜል ቀድቶ ያወጣውን ስም ጥቂት ቤቶች «የኛ ጥበብ» ሲሉት ያምራል? ከዚያ በፊትም «አማሮ» የሚለው የማንም አልነበረም፤ የሬቾቶ በርሜል ያመለጠበት ሁሉ ሲጠቀምበት የኖረ ቃል ነው። ጥራት ለማሳየት የአምራቹ ስም አለ፣ የኮረብታው ስም አለ፣ ዓመቱ አለ። ጠርሙስ ላይ ቦታ ሞልቷል።

ስም የማስፋት ነገር በሰዎቹና በድርጅቶቹ ላይ ብቻ አልቆመም። በርሜሉ የተገኘባት ኔግራር ራሷ በ2019 በሕግ ስሟን ቀይራ «ኔግራር ዲ ቫልፖሊቼላ» ሆናለች። ወይኑ ከቦታው ስሙን ወስዶ ነበር፤ አሁን ቦታው ከወይኑ ዝና ተበደረ።

ጠርሙስ ስትመርጡ ለሚጠቅማችሁ ያህል፣ ከአማሮኔ ጎን ብዙ ጊዜ «ሪፓሶ» የሚል ርካሽ ወንድሙ ይቀመጣል። «ድጋሚ ያለፈ» ማለት ነው። አማሮኔው ወይም ሬቾቶው ተቀድቶ የቀረው የፍሬ ቅሪት ላይ ተራው ቫልፖሊቼላ ይፈስስበትና እንደገና ትንሽ ይፈላል፣ ከቅሪቱ ቀለምና ጉልበት ይወስዳል። እዚህ ስሙ አሠራሩን ቀጥ አድርጎ ይነግራችኋል። አማሮኔው ላይ «ሪዜርቫ» የሚል ካያችሁ ቢያንስ አራት ዓመት ተቀምጧል፤ ከሌለው ሁለት ዓመት ነው። «ክላሲኮ» ካለ ፍሬው ከላይ ከጠራኋቸው ከአምስቱ ቦታዎች ነው። አጠገቡ «ሬቾቶ» የሚል ጠርሙስ ካገኛችሁ ደግሞ፣ ትንሹም ቢሆን፣ ሁለቱን አንድ ላይ ግዙና በተከታታይ ቅመሱ። መጀመሪያ ሬቾቶውን፣ ቀጥሎ አማሮኔውን። በዚህ ቅደም ተከተል ሁለተኛው በእርግጥ ይመራችኋል።